ዮዜፍ ያዳሶንና የንክኪ አለርጂ
በበርንና በብሬስላው የቆዳ ሕክምና ያስተማሩት ጀርመናዊው ሐኪም ዮዜፍ ያዳሶን በ1863 እ.ኤ.አ. ተወልደው በ1936 ዙሪክ ውስጥ አረፉ። በዘመናቸው ሜርኩሪ የተለመደ መድኃኒት ነበር። መድኃኒቱ ሽፍታ ባስከተለበት ታማሚ ቆዳ ላይ ያንኑ ሜርኩሪ በትንሽ ስፍራ ለጥፈው ሽፍታው መመለሱን አሳዩ፤ ግኝታቸውንም በ1895 ግራዝ ላይ ለተሰበሰቡ የሙያ ባልደረቦቻቸው አቀረቡ። የቆዳ ልጥፍ ምርመራ መነሻው ይህ ነው።

የንክኪ አለርጂ ከተደጋጋሚ ንክኪ በኋላ የሚፈጠር በመሆኑ፣ ለዓመታት የተስማማ ዕቃ አንድ ቀን ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል። በሆዳቸው ላይ የሰገራ መውጫ የተከፈተላቸው ሕሙማን ግን የከረጢቱን ማጣበቂያ መተው አይችሉም። ስለዚህ በአሰላም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚሠራ ሐኪም፣ ሽፍታው የማጣበቂያውን ቅርጽ ይዞ ሲያገኘው፣ የሰገራ ፍሳሽን ብቻ ከመጠርጠር ይልቅ ማጣበቂያውን በሌላ የቆዳ ክፍል ላይ ቢፈትን የያዳሶንን መንገድ ይከተላል።