አርተር አሽ፣ የተሰጠው ደም እና የሲዲ4 ቁጥር

አርተር አሽ በ1943 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ሪችመንድ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስድስት ዓመቱ ላይ እናቱን አጣ። አባቱ ለጥቁሮች ብቻ የተፈቀደ የመጫወቻ ሥፍራ ጠባቂ ስለነበሩ ልጁ ያደገው ከቴኒስ ሜዳ አጠገብ ነው። በ1968 የአሜሪካን ኦፕን፣ በ1970 የአውስትራሊያን ኦፕን፣ በ1975 ደግሞ ዊምብልደንን አሸነፈ።

በ1979 ገና በ36 ዓመቱ ድንገተኛ የልብ ሕመም ያዘው። ሲጋራ የማያጨስ ቀጭን ስፖርተኛ ነበር፤ ነገር ግን የልብ ሕመም በቤተሰቡ ነበር። በዚያው ዓመት የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ1983 ደግሞ ተደገመ። ከሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም ተሰጠው። ኤችአይቪ የያዘው በዚህ ደም እንደሆነ ይታመናል። ቫይረሱ ገና በዚያው ዓመት መገኘቱ ነበር፤ የተለገሰ ደም የሚመረመርበት መሣሪያ በአሜሪካ የተፈቀደው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1985 ነው።

ከዚያ አምስት ዓመት ያህል ምንም የጎላ ምልክት ሳያይ ኖረ። ታካሚዎች ለማመን የሚቸገሩት ይህንን ጊዜ ነው። ሰውየው ደህና ነው፣ ይሠራል፣ ይጓዛል፤ በውስጡ ግን ቫይረሱ ሲዲ4 የሚባለውን ምልክት የተሸከሙትን ነጭ የደም ሴሎች እየገደለ ይቀጥላል። ሲዲ4 በሴሉ ገጽ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ቫይረሱ ተጣብቆ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። በጤነኛ አዋቂ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 እስከ 1500 የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ሴሎች ይገኛሉ።

በ1988 የአሽ ቀኝ እጅ አልታዘዝ አለ። በአንጎሉ ላይ በተደረገው ቀዶ ሕክምና የተገኘው ቶክሶፕላዝሞሲስ ነበር። ይህን ጥገኛ ተሕዋስ ብዙ ሰው ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል፤ አንጎልን የሚያጠቃው አብዛኛውን ጊዜ ሲዲ4 ከ100 በታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ ለአሽ ኤችአይቪና ኤድስ በአንድ ጊዜ ተነገሩት ማለት ይቻላል። ባለቤቱና ሴት ልጁ ተመርምረው ነፃ ሆኑ።

ሕመሙን ለቅርብ ሰዎች ብቻ ነግሮ ቆየ። በሚያዝያ 1992 አንድ ጋዜጣ ወሬውን እየተከታተለ መሆኑን ሲያውቅ ራሱ ቀድሞ ለሕዝብ ተናገረ። መናገሩ ለብዙዎች ጠቅሟል፤ ሆኖም ማንም ሰው ውጤቱን ተገድዶ እንዲናገር መደረግ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

በጥር 1993 የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት የኤድስን ትርጉም አሰፋ፤ ከ200 በታች የሆነ ሲዲ4 ብቻውን፣ ሌላ ሕመም ባይኖርም፣ ኤድስ ተብሎ መመዝገብ ጀመረ። አሽ በቀጣዩ ወር፣ በየካቲት 6፣ በ49 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ በሳንባ ምች ሞተ። ምቹ ኒሞሲስቲስ የተባለው፣ ሲዲ4 ከ200 በታች ሲሆን የሚበረታው ዓይነት ነበር። ኤዜድቲ ይወስድ ነበር፤ ቫይረሱን አጥብቆ የሚይዘው የሦስት መድኃኒት ጥምረት ግን የመጣው በ1996 ነው።

ቁጥሩም ብቻውን ሁሉንም አይናገርም። ሲዲ4 እኩል የሆነላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ቶሎ ሊታመም፣ ሌላው ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሲዲ8 በተባሉት ሴሎች ላይ ሲዲ38 የሚባለው ምልክት ሲበዛ፣ የመከላከያ ሥርዓቱ ያለ ዕረፍት መነሣሣቱንና በሽታው ቶሎ የመግፋት ዕድሉ ከፍ ማለቱን ጥናቶች አሳይተዋል። በተለመደ ክትትል ግን ይህ አይለካም። ዛሬ ሕክምና ለመጀመር ሲዲ4 እስኪወርድ አይጠበቅም፤ ቫይረሱ እንደተገኘ ይጀመራል። የሕክምናውን ውጤት የምናየው በቫይረስ መጠን ምርመራ ነው። ሲዲ4 አሁንም የሚያስፈልገን እንደ ኮትሪሞክሳዞል ያለ መከላከያ መድኃኒት ለማን እንደሚሰጥ ለመወሰን ነው፤ ይኸው መድኃኒት ከሁለቱም የአሽ ሕመሞች፣ ከአንጎሉም ከሳንባውም፣ ይከላከላል።

የሕይወት ታሪኩን የጻፈበት የመጨረሻ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ ነው። መጨረሻው ላይ ለልጁ የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ አባቷ ሲሞት ስድስት ዓመቷ ነበር።