ኤዲ ሾር፤ ከበታች ሊግ ወጥቶ የበታች ሊግን በር የያዘ

የሙያ ሰው ሁሉ ከታች ይጀምራል። መሐንዲሱ በረዳትነት፣ ሐኪሙ በተለማማጅነት፣ የእጅ ባለሙያውም በአለቃው ሥር ሆኖ ዕቃ በማቀበል ዓመታትን ካሳለፈ በኋላ ነው ስሙ የሚጠራው። ስለዚህ በማናቸውም ሙያ ዘንድ ሁለት ጥያቄዎች ዘወትር ይነሣሉ። አንደኛው፣ ከታች ያለው ሰው ወደ ላይ የሚያወጣውን ችሎታ ከየት ያገኛል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የመውጫውን በር የሚጠብቀው ማነው፣ ሥልጣኑስ እስከ ምን ድረስ ነው የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን የምንመለከተው ሰው ለሁለቱም ጥያቄዎች በገዛ ሕይወቱ መልስ የሰጠ ነው፤ ለመጀመሪያው የሚያስመሰግን፣ ለሁለተኛው ግን የሚያስወቅስ መልስ። ሰውየው የካናዳ ተወላጅ የሆነው ስመ ጥሩ የበረዶ ላይ ሆኪ ተጫዋች ኤዲ ሾር ነው።

የበረዶ ላይ ሆኪ በአገራችን የሚዘወተር ጨዋታ ባለመሆኑ ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ይገባል። በእያንዳንዱ ወገን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ተጫዋቾች ምላጭ በተገጠመለት ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ጫፉ በታጠፈ ዱላ ጠፍጣፋ የጎማ ዲስክ እየመቱ ጎል ለማግባት ይታገላሉ። በሰሜን አሜሪካ የዚህ ጨዋታ ከፍተኛ መድረክ በ1917 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የተመሠረተው ብሔራዊ ሆኪ ሊግ ነው። ከእሱ በታች ወጣቶች የሚበስሉባቸው የበታች ሊጎች ያሉ ሲሆን፣ ከነዚህም ዋነኛው መነሻው 1936 የሆነው የአሜሪካ ሆኪ ሊግ ነው። በዛሬው ጊዜ በላይኛው ሊግ ከሚጫወቱት መካከል አብዛኞቹ በዚህ በበታችኛው ሊግ በኩል ያለፉ ናቸው።

ኤዲ ሾር በኅዳር ወር 1902 በምዕራብ ካናዳ፣ ዛሬ ሳስካችዋን በሚባለው ክፍለ አገር፣ ፎርት ኳፔል በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ያደገው በዚያው ክፍለ አገር በኪዩፓር አካባቢ በሚገኝ እርሻ ላይ ነው። ፈረስ መግራት፣ ከብት መንዳትና እህል መጫን የልጅነት ሥራው ስለ ነበረ፣ በኋላ ዘመን ተመልካችን ያስደንቅ የነበረው የጉልበቱና የትዕግሥቱ ምንጭ ይኸው የገበሬ ኑሮ እንደ ነበረ ይታመናል። ወደ ዊኒፔግ ሄዶ በማኒቶባ የግብርና ኮሌጅ ትምህርት ጀምሮ ነበር። ለጨዋታው ከልቡ የተሰጠው ግን ዘግይቶ ነው። ወንድሙ አንተ ለሆኪ አትሆንም ብሎ ስላፌዘበት በእልህ ተነሣሥቶ፣ በብርቱ ብርድ ከቤት ውጭ ብቻውን ይለማመድ እንደ ነበረ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገዱ ደረጃ በደረጃ የተወጣ ነው። በ1923/24 የጨዋታ ዘመን ሜልቪል ሚሊየኔርስ በተባለ የአማተሮች ቡድን ውስጥ ተጫወተ። በሚቀጥለው ዓመት ለረጃይና ካፒታልስ ተቀጥሮ የሙያ ተጫዋች ሆነ፤ በ1925/26 ደግሞ ወደ ኤድመንተን ኤስኪሞስ ተዛወረ። እስከዚያ ድረስ አጥቂ የነበረው ሰው በኤድመንተን ተከላካይ እንዲሆን ተደረገ። ይህ የቦታ ለውጥ የኋላ ዝናው መሠረት ነው። ተከላካይ ሆኖም የአጥቂነት ጠባዩን አልተወም፤ ዲስኩን ከራሱ ጎል ዘንድ ተቀብሎ እንደ ባቡር እየገሰገሰ እስከ ተጋጣሚው ጎል ድረስ ይዞት ይሄድ ነበር።

በ1926 የምዕራቡ ሊግ በገንዘብ እጦት ፈረሰ፤ ተጫዋቾቹም ለምሥራቁ ብሔራዊ ሊግ ቡድኖች ተሸጡ። በዚህ ሽያጭ ሾር ለቦስተን ብሩይንስ ደረሰ። ስለዚህ ወደ ላይኛው መድረክ የወጣው በገዛ ምርጫው ሳይሆን ያሳደገው ሊግ ስለ ፈረሰ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን በሩ በተከፈተበት ሰዓት ዝግጁ ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ ሁለት ጎል አገባ፤ ይህም ለተከላካይ ብዙ ነበር። አሠልጣኙ አርት ሮስም ቡድኑን በእሱ ዙሪያ ሠራ። ቦስተን በ1929 ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በ1939 ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ የስታንሊን ዋንጫ ሲያነሣ ሾር በሁለቱም ጊዜ ነበረ። የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃርት ዋንጫ በ1933፣ በ1935፣ በ1936 እና በ1938 በጠቅላላው አራት ጊዜ ወሰደ። ከእሱ በኋላ እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ያህል ጊዜ የወሰደ ሌላ ተከላካይ አልተገኘም።

የጽናቱ ነገር በብዙ ታሪኮች ይወሳል። ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው የ1929 ጥር ወር ነው። ቡድኑን ወደ ሞንትሪያል የሚያደርሰው ባቡር ስላመለጠው፣ በኃይለኛ የበረዶ ውሽንፍር ሌሊቱን በመኪና ተጉዞ ደረሰ፤ በዚያው ምሽት ቦስተን አንድ ለባዶ ሲያሸንፍ ብቸኛዋን ጎል ያገባው እሱ ነበር።

ይሁን እንጂ የዚያ ኃይል ሌላው ገጽታም መነገር አለበት። በታኅሣሥ ወር 1933 በቦስተን በተደረገ ጨዋታ ሾር የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍሱን ኤስ ቤይሊን ከኋላው ገጨው። ቤይሊ በራሱ በረዶው ላይ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ሕይወቱን አተረፉት፤ ከዚያ በኋላ ግን ዳግመኛ አልተጫወተም። ሾር ለአሥራ ስድስት ጨዋታዎች ታገደ። በየካቲት 1934 በቶሮንቶ ለቤይሊ መርጃ በተደረገው ጨዋታ ላይ ተጎጂው በሕዝብ ፊት የሾርን እጅ ጨበጠ። ሾርም ከዚያ አደጋ ወዲያ የራስ መከላከያ ቆብ አድርጎ ይጫወት ነበር።

በ1939 ሾር ገና ተጫዋች ሳለ ከቆጠበው ገንዘብ 42,000 ዶላር አውጥቶ በማሳቹሴትስ የሚገኘውን ስፕሪንግፊልድ ኢንዲያንስ የተባለ የበታች ሊግ ቡድን ገዛ። በሚቀጥለው ዓመት ለኒው ዮርክ አሜሪካንስ ጥቂት ተጫውቶ ከላይኛው ሊግ ተሰናበተ። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ የወጣው ሰው በፈቃዱ ተመልሶ ወደ ታች ወረደ፤ ነገር ግን አሁን የወረደው እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ባለቤት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የስፕሪንግፊልድ መጫወቻ አዳራሽ ለአሜሪካ ጦር በመሰጠቱ ወደ ባፋሎ ሄዶ የዚያን ከተማ ቡድን እየመራ የበታች ሊጉን የካልደር ዋንጫ በ1943 እና በ1944 አስገኘ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ወደ ስፕሪንግፊልድ ተመለሰ፤ በ1947ም ስሙ በሆኪ የክብር አዳራሽ ተመዘገበ።

በአሠልጣኝነቱ ሾር የጨዋታውን ነገር ከሥሩ መርምሮ የሚያስተምር ሰው ነበር። እኛ መሐንዲሶች ስለ አንድ ምሰሶ ስንነጋገር ክብደቱ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ እንደምንጠይቀው ሁሉ፣ እሱም የተጫዋቹ ክብደት በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ ይጠይቅ ነበር። ጉልበት እንዲታጠፍ፣ እርምጃ እንዲያጥር፣ ዱላው በሁለት እጅ እንዲያዝና በሁለቱ እጆች መካከል ያለው ርቀት እንዲጠበቅ አጥብቆ ያዝ ነበር። ሚዛን ለማስተማር ተጫዋቾቹን በሆቴል አዳራሽ ውስጥ ጭፈራ ያስለምዳቸው ነበር፤ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅን በረኛም ቆሞ እንዲጫወት በገመድ ከጎሉ አግዳሚ ጋር እንዳሰረው ይተረካል። በዘመኑ ብዙዎች ሳቁበት። ነገር ግን ቡድኑ በ1960፣ በ1961 እና በ1962 በተከታታይ ሦስት ጊዜ የካልደርን ዋንጫ አነሣ። ከዚያ ቡድን የወጣው ተከላካዩ ኬንት ዳግላስ ወደ ቶሮንቶ ተዛውሮ በ1963 የላይኛው ሊግ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ሲሸለም፣ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ተከላካይ ሆነ። ትምህርቱ እውነተኛ ትምህርት ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? ችግሩ ከትምህርቱ ጋር የሚመጣው አገዛዝ ነበር። ሾር ገንዘብ ላይ እጅግ ጠባቂ ስለ ነበረ፣ ከጨዋታ ውጭ የሆኑ ተጫዋቾችን የአዳራሹን ወንበር ቀለም ያስቀባቸው፣ አምፖል ያስቀይራቸው፣ ለተመልካች ፈንድሻ ያስሸጣቸው ነበር። በደመወዝና በጉዳት ክፍያ ላይ የነበረው ክርክር ማለቂያ አልነበረውም። በሌሎች ቡድኖች ዘንድ ሥነ ሥርዓት ላጓደለ ተጫዋች ወደ ስፕሪንግፊልድ ትላካለህ ማለት እንደ ብርቱ ማስፈራሪያ ይቈጠር ነበር።

ተጫዋቾቹ ይህን ሁሉ ለምን ቻሉት የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ በሠራተኞቹ ጠባይ ሳይሆን በሥራው አደረጃጀት ውስጥ ይገኛል። ከ1942 እስከ 1967 ድረስ የብሔራዊው ሊግ ቡድኖች ስድስት ብቻ ስለ ነበሩ፣ በመላው ሰሜን አሜሪካ የነበረው የከፍተኛ ደረጃ የሥራ ቦታ ከአንድ መቶ ሃያ ብዙ የሚርቅ አልነበረም። በሌላ በኩል የተጫዋቹ ውል በቡድኑ ባለቤት እጅ ነበር፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ወደ ሌላ ቡድን መሄድ አይቻልም። ስፕሪንግፊልድ ደግሞ ራሱን የቻለ ቡድን ስለ ነበረ፣ ስለ ተጫዋቾቹ የሚወስነው ሾር ብቻ ነበር። ስለዚህ አስተማሪው፣ አሠሪው፣ ዳኛውና በር ጠባቂው አንድ ሰው ሆነ። አንድን መዋቅር በአንድ ድጋፍ ላይ ብቻ ማቆም አደጋው ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያሻም።

መዋቅሩ የተሰነጠቀው በ1966 መጨረሻ ነው። ሾር በቂ ትጋት አላሳያችሁም በማለት ቢል ዋይትን፣ ዴል ሮልፍንና ዴቭ አማዲዮን ያለ ደመወዝ አገዳቸው። የቀሩት ተጫዋቾች ግን የታገዱት ካልተመለሱ አንጫወትም ብለው የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ብራያን ኪልሪ ስለ ሁሉም ቃል አቀባይ ሆነ፤ ከቶሮንቶም አለን ኢግልሰን የተባለውን ወጣት ጠበቃ ጠሩ። ጠበቃው የእያንዳንዱን አቤቱታ በጽሑፍ አሰባስቦ ክርክሩን ለሕዝብ ይፋ አወጣው። በ1967 መጀመሪያ ሾር የዕለት ተዕለት አስተዳደሩን ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ቡድኑ ለሎስ አንጀለስ ኪንግስ ባለቤት ለጃክ ኬንት ኩክ ተላልፎ ስሙ ስፕሪንግፊልድ ኪንግስ ሆነ።

ያ አድማ በአንዲት ትንሽ ከተማ ብቻ አልቀረም። በሰኔ 1967 የብሔራዊ ሆኪ ሊግ ተጫዋቾች ማኅበር ኢግልሰንን ይዞ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የበታች ሊጎች ተጫዋቾችም የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የላይኛው ሊግ ወደ አሥራ ሁለት ቡድኖች በማደጉም በሩ ሰፋ። ኪልሪ በጥቅምት 1967 ለሎስ አንጀለስ ኪንግስ የመጀመሪያዋን ጎል አገባ፤ ታግዶ የነበረው ዋይትም ከዓመታት በኋላ በ1972 ካናዳን ወክሎ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተጋጠመ። እንግዲህ ትጋት ጎድሏቸዋል የተባሉት ሰዎች ለላይኛው መድረክ የበቁ እንደ ነበሩ ሥራቸው መሰከረ።

ለእኛ ለማኅበር አባላት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ተጫዋቾቹ ከአንድ ሰው ሥልጣን ለመዳን ሲሉ የማኅበራቸውን ነገር ሁሉ ለሌላ አንድ ሰው አሳልፈው ሰጡ፤ ሒሳቡንም በወቅቱ አልመረመሩም። ኢግልሰን ለረዥም ዘመን ማኅበሩን ከመራ በኋላ በ1998 በማጭበርበር ወንጀል ጥፋተኛነቱን አምኖ ተፈረደበት። ስለዚህ ማኅበር ማቋቋም የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም።

ሾር በ1974 ቡድኑን መልሶ ተረክቦ የቀድሞ ስሙን መለሰለት፤ በ1975ም አንድ ጊዜ ዋንጫ አነሣበት። በ1976 ሸጦት ከሥራ ተገለለ፤ በመጋቢት 1985 በሰማንያ ሁለት ዓመቱ እዚያው በስፕሪንግፊልድ አረፈ። ከ1958/59 የጨዋታ ዘመን ጀምሮ የአሜሪካ ሆኪ ሊግ በየዓመቱ ምርጥ ለሆነው ተከላካይ የሚሰጠው ሽልማት በኤዲ ሾር ስም ይጠራል።

ለዚህ ሰው የሚገባው ፍርድ እንግዲህ ሁለት ወገን ያለው ነው። ከታች ወደ ላይ የወጣው ማንም ሳያዝንለት፣ በገዛ ጉልበቱ ነበር። ምናልባትም በዚሁ ምክንያት ለሌላው ማዘን የመምህርነት ክፍል መሆኑን ሳይረዳው ቀረ። መንገዱ ለእኔ ከባድ ስለ ነበረ ለተከታዬም ከባድ ይሁን የሚለው አስተሳሰብ በሆኪ ሜዳ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በየሥራ ቦታችን ረዳቶችንና አዳዲስ ምሩቃንን በምንቀበልበት ጊዜ በእያንዳንዳችን ላይ ይታያል። ከሾር ዕውቀትን እንዴት ዝርዝር አድርጎ ማስተማር እንደሚቻል እንማር፤ ዕውቀቱን ያስተማረ ሁሉ ግን የተማሪው ጌታ እንዳልሆነ ከተማሪዎቹ እንማር።