እቴጌ ጣይቱና የወይን ጠጅ

በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባለው ደጋ ላደገ ሰው ወይን ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው የቅዳሴው ዘቢብ ነው፤ ለድግስ ግን ጠጅ አለ። ከባሕር ማዶ በጠርሙስ የመጣውንም መጠጥ አማርኛችን የወይን ጠጅ ብሎ በጠጅ ስም ተቀበለው። በአዲስ አበባ ለእንግዳ ምግብና መጠጥ በገንዘብ የሚቀርብበትን ስመ ጥር ሆቴል ያቆሙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል የዚሁ አገር ተወላጅ ናቸውና፣ ዛሬ ታሪካቸውን በዚህ በኩል እናወሳለን።

እቴጌ በአባታቸው የስሜን መሳፍንት ዘር ሲሆኑ፣ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት የየጁው ራስ ጉግሣም ቅድመ አያታቸው ነበሩ። ፊደል የቆጠሩ፣ በገና የሚደረድሩ ሴት ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገች ልጅ ደግሞ የጠጁን ነገር ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ያህል ውሃ፣ ጌሾው መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ፣ ጋኑ በወይራ እንዴት እንደሚታጠን። ጌሾ የበዛበት ይመራል፤ ያነሰበት ያቅለሸልሻል።

በ1875 ዓ/ም ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተጋቡ። በ1880 ዓ/ም መግቢያ የእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ሲከበር ከአምስት ሺህ በላይ ከብት የታረደበትን ግብር አሰናዱ። በዚያ ግብር የበላና የጠጣ ሁሉ ዋጋ አልተጠየቀም። በ1882 ዓ/ም ብርሃን ዘኢትዮጵያ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ የዐድዋውን ሥራቸውን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1898 ዓ/ም ገደማ እቴጌ ሆቴልን ሲያቋቁሙ የገጠማቸው ችግር ከዚያው ከግብሩ ልማድ የመጣ ነበር። ምግብ ገዝቶ መብላት ለመኳንንት ነውር ነበርና ገበያተኛ ጠፋ። ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው እየሄዱ፣ በልተው ሒሳብ በመክፈል እንዳለማመዷቸው ይነገራል።

በእኛ ግምት ለጠጅ ጠጪ ከመክፈሉም ይልቅ የሚከብደው የባዕዱን ጣዕም መልመድ ነው። ያልጣፈጠ ቀይ ወይን የቀመሰ ጀማሪ፣ ጠጁ ሆምጥጧል ብሎ ብርጭቆውን ይመልሳል። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚቀርበው የፖርቱጋሎች ፖርቶ ነው። የወይኑ ጭማቂ እየፈላ ሳለ፣ ስኳሩ ሳያልቅ፣ ከወይን የወጣ አረቄ ይጨመርበትና ፍላቱ ይቆማል፤ ጣፋጭነቱም እንዳለ ይቆያል። ነገር ግን ከመቶ 20 እጅ ያህሉ አልኮል ስለ ሆነ፣ በብርሌ ሳይሆን በትንሽ መለኪያ የሚጠጣ ነው።

ምኒልክ ሲታመሙ እቴጌ የመንግሥቱን ሥራ ይዘው ቆዩና በ1902 ዓ/ም ከሥልጣን ተገለሉ። ባላቸው ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጥተው፣ ያን ታላቅ ግብር ካበሉበት ከማርያም ደብር አጠገብ ተቀመጡ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ/ም በዚያው ዐረፉ።