ግሌን ኩርቲስ፦ አውሮፕላንን ከውሃና ከየብስ ያስማማ መሐንዲስ

የአውሮፕላን ሥራ ገና በጨቅላነቱ ሳለ ከውሃ ላይ መነሣት ከየብስ ከመነሣት እጅግ የከበደ ፈተና ነበር። ሜዳ ለመንኮራኩር ፍጥነት ይሰጣል፤ ውሃ ግን የተንሳፈፈበትን አካል ደግፎ ይይዘዋል እንጂ በቀላሉ አይለቀውም። ያው አውሮፕላን በየብስም ይረፍ ከተባለ መንኮራኩሩና ማጠፊያው ተጨማሪ ሸክም ይሆናሉ፤ የዚያ ዘመን ሞተር ደግሞ ለትርፍ ክብደት የሚበቃ ጉልበት አልነበረውም። ይህን ቋጠሮ ከፈቱት ሰዎች መካከል አሜሪካዊው ግሌን ኩርቲስ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል።

ኩርቲስ እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 1878 በኒውዮርክ ግዛት፣ በኪዩካ ሐይቅ ጫፍ በምትገኘው ሐመንድስፖርት በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ በሕፃንነቱ ሞተበት፤ መደበኛ ትምህርቱም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። በሮቸስተር ከተማ በኢስትማን የፎቶግራፍ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከሠራ በኋላ ብስክሌት መጋለብ፣ መጠገንና መሸጥ መተዳደሪያው ሆነ። ከዚያም ወደ ሞተር ብስክሌት ተሸጋግሮ ክብደታቸው ያነሰ፣ ጉልበታቸው የበረታ ሞተሮችን መሥራት ያዘ። በ1907 ስምንት ሲሊንደር ባለው ሞተር ብስክሌት በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ያህል ጋለበ።

የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1907 የበረራ ሙከራ ማኅበር ሲያቋቁም ኩርቲስን በአባልነት አስገባው። በጁላይ 4 ቀን 1908 ኩርቲስ ጁን ባግ በተባለው የማኅበሩ አውሮፕላን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በሕዝብ ፊት በረረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግድም ይኸው አውሮፕላን ተንሳፋፊዎች ተገጥመውለት በኪዩካ ሐይቅ ላይ ተሞከረ። በውሃው ላይ ሮጠ እንጂ አልተነሣም።

ከውሃ ላይ በመነሣት የቀደመው በማርች 1910 በማርሴይ አቅራቢያ የበረረው ፈረንሳዊው አንሪ ፋብር ነው። የኩርቲስ ድርሻ ይህን ጅምር ለዘወትር አገልግሎት ማብቃት ነበር። በጃንዋሪ 26 ቀን 1911 በሳንዲዬጎ ወደብ ከውሃ ተነሥቶ ተመልሶ በውሃ ላይ ዐረፈ። የመጀመሪያዎቹን ተንሳፋፊዎች ብዙም ሳይቆይ አውጥቶ፣ ርዝመቱ 3.6 ሜትር፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ጠባብ ተንሳፋፊ ከመካከል ገጠመ። በፌብሯሪ 17 ቀን ፔንሲልቬንያ ወደተባለችው የጦር መርከብ በርሮ ከጎኗ ዐረፈ፤ በመርከቢቱ ክሬን ተስቦ ከወጣ በኋላም እንደገና ወደ ውሃ ወርዶ ተመለሰ። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ ወደ ላይ የሚታጠፉ መንኮራኩሮች ጨመረበት። በውሃ፣ በየብስና በአየር የሚያገለግል በመሆኑም ትሪያድ፣ ማለትም ሦስትዮሽ ተባለ።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጀመሪያ አውሮፕላኑ እንዲሆን ያዘዘው ይህንኑ ዓይነት ነው። በጁላይ 1 ቀን 1911 በኪዩካ ሐይቅ ላይ የበረረው ይህ አውሮፕላን ከእንጨት፣ ከቀርከሃና ከጨርቅ የተሠራ ሲሆን፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ያህል ነበር። ሞተሩ ከአብራሪው ኋላ ሆኖ ይገፋ ነበር፤ ጉልበቱም በመጀመሪያ 50፣ ኋላም 75 የፈረስ ጉልበት ሆነ።

ከዚህ በኋላ ኩርቲስ ተንሳፋፊውን ትቶ የአውሮፕላኑን አካል ራሱን ጀልባ ለማድረግ ተነሣ። በ1912 የተሠራው በራሪ ጀልባ ግን ውሃው ሥሩን መጥጦ ስለያዘው አልነሣ አለ። ኩርቲስ አውሮፕላኑ ሲሮጥ ውሃው ከጀልባው ሥር እንዴት እንደሚፈስ አጠና። መፍትሔው የሞተሩን ጉልበት መጨመር ሳይሆን በጀልባው ሥር በአግድም እርከን ማበጀት ሆነ። ውሃው ከእርከኑ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ሲለያይ ከበስተኋላው አየር ይገባል፤ የመምጠጡ ኃይል ሲቀንስም አውሮፕላኑ ፍጥነት አግኝቶ ይነሣል። ኩርቲስ ስለ ባሕር አውሮፕላኑና ስለ በራሪ ጀልባው የ1911ንና የ1912ን የኮሊየር ዋንጫ ተሸለመ።

የሕይወቱ ጎዳና ግን ከክርክር የጸዳ አልነበረም። የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን በጎን እንዳያዘነብል የሚጠበቅበት ዘዴ የእኛ የፈጠራ መብት ነው በማለት በ1909 ከሰሱት፤ በ1914 መጀመሪያ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለእነርሱ ፈረደ። በዚያው ዓመት ኩርቲስ በ1903 ሳይበር የወደቀውን የላንግሊን አውሮፕላን አድሶ በኪዩካ ሐይቅ ላይ አስነሣው። በእድሳቱ ጊዜ የተለወጠው ነገር ብዙ ስለነበረ ሙከራው ቅሬታ አስነሣ፤ የስሚዝሶኒያን ተቋምም ለውጦቹን በይፋ ያመነው በ1942 ነው። የመብቱ ሙግት የተቋጨው በ1917 አምራቾች ፈጠራዎቻቸውን በጋራ እንዲጠቀሙ በተደረገ ስምምነት ነበር።

በሜይ 1919 ከባሕር ኃይል መሐንዲሶች ጋር በኅብረት የተሠራው ኤን ሲ 4 የተባለው በራሪ ጀልባ ከኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ፣ በአዞረስ ደሴቶች ላይ ዐርፎ ሊዝበን በመድረስ አትላንቲክን ያቋረጠ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሆነ። ኩርቲስ ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ በጁላይ 23 ቀን 1930 በባፈሎ ከተማ በ52 ዓመቱ ዐረፈ፤ የተቀበረውም በተወለደባት በሐመንድስፖርት ነው።

ከዚያ ወዲህ እንጨቱና ጨርቁ በአሉሚኒየምና በፋይበር ተተክተዋል። በየብስና በውሃ የሚያርፉ ቀላል አውሮፕላኖች ሥራቸው ቢታይ ግን ያ እርከን ዛሬም በቦታው አለ።