ቡከር ዋሽንግተን ትምህርት ቤት የገባበት ታሪክ



የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት በሚጠበቅበት ሰሞን በመካከላችን የሚነሣው ወሬ ይታወቃል። ማን ገባ? ማን ይከፍልለታል? ገብቶስ የት ያድራል? እነዚህኑ ጥያቄዎች ይዞ ከ150 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ አብዛኛውን መንገድ በእግሩ የተጓዘ አንድ ልጅ ነበር። ስሙም ቡከር ዋሽንግተን ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው የታስኪጊ ትምህርት ቤት መሥራችና የጥቁር አሜሪካውያን መሪ መሆኑን ነው። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ይበልጥ የምቆየው ገና ማንም ሳያውቀው በሰው ደጃፍ በቆመባቸው ጊዜያት ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቡከር የተወለደው በአሜሪካ በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር በአንድ እርሻ ውስጥ በባርነት ነው። የባሪያ ልጅ የልደት ቀን በጥንቃቄ የሚጽፍለት አልነበረምና ቀኑን ራሱም አያውቀውም ነበር፤ ዓመቱ 1856 እንደ ሆነ ይታመናል። እናቱ ጄን የእርሻው ወጥ ቤት ነበረች። በ1865 የእርስ በርሱ ጦርነት አብቅቶ ነፃ በወጡ ጊዜ፣ እናቲቱ ልጆቿን ይዛ ባልዋ ወዳለበት ወደ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማልደን ወደምትባል መንደር ሄደች። በዚያም ልጁ በጨው ማምረቻ፣ በኋላም በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሠራ። ከፊደል በፊት ማንበብ የቻለው 18 ቁጥርን ነው፤ ይኸውም በእንጀራ አባቱ የጨው በርሜሎች ላይ የሚጻፈው ምልክት ነበር። ትምህርት ቤት በገባበት ቀን ደግሞ ሌሎቹ ልጆች ሁለት ሁለት ስም ሲጠሩ ሰምቶ፣ ተራው ሲደርስ ዋሽንግተን የሚለውን ለራሱ ጨመረ።

አንድ ቀን በከሰሉ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ሲነጋገሩ ሰማ። ወሬያቸው ጥቁሮች ስለሚማሩበት አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር። በዚያ ቤት ድሀ ተማሪ የቀለቡን ዋጋ በሥራ እየከፈለ መማር ይችላል ይባባላሉ። ቡከርም በጨለማው ውስጥ እየዳኸ ተጠግቶ አዳመጠ። የት እንዳለ፣ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ አያውቅም፤ ሐምፕተን የሚለውን ስም ብቻ ያዘ።

ከዚያ በኋላ ከጉድጓዱ ወጥቶ የማዕድኑ ባለቤት ሚስት በሆኑት በወይዘሮ ሩፍነር ቤት በወር 5 ዶላር ተቀጠረ። እኒህ ሴት በኃይለኝነታቸው የታወቁ ነበሩ፤ ከእርሱ በፊት የተቀጠሩት ልጆች ሁለትና ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቆዩ ይሸሹ ነበር። በግቢያቸው ወድቆ የሚቀር ወረቀት፣ ሳይጠገን የሚያድር አጥር፣ አቧራ ያለበት ጥግ አይወዱም። ቡከር ግን ጠባያቸውን ለመደና ቆየ። ይህን እዚህ ላይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1872 መከር ላይ፣ 16 ዓመት ሲሆነው፣ ለመሄድ ተነሣ። ታላቅ ወንድሙ ጆን ከከሰል ጉድጓዱ ደመወዝ የቻለውን ሰጠው። ዕድሜያቸውን በባርነት የጨረሱ የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ከዘራቸው አንድ ልጅ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሄድ አያለሁ ብለው አስበው የማያውቁ፣ አንዱ አምስት ሳንቲም፣ አንዱ ስሙኒ፣ አንዱ መሐረብ አመጡለት። እናቱ ታማ ነበር፤ ዳግመኛ እንደማያያት እየፈራ ተሰናበታት።

መንገዱ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥቂቱን በሠረገላ፣ የቀረውን በእግሩና በለመነው ጋሪ ሄደ። በተራራው ላይ ያገኘው ማደሪያ ቤት በቆዳው ቀለም ምክንያት አላስገባ ስላለው ብርዱን ለመቋቋም ሌሊቱን ሲመላለስ አደረ። ሪችመንድ ከተማ ሲደርስ ገንዘቡ አልቆ ነበር። ከሳንቃ በተሠራ የእግረኛ መንገድ ሥር ገብቶ ተኛ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ኮቴ ከራሱ በላይ ይሰማው ነበር። በማግሥቱ ከመርከብ ብረት የማውረድ ሥራ አገኘና እዚያው ሳንቃ ሥር እያደረ ለቀረው መንገድ የሚሆነውን አጠራቀመ። ሐምፕተን ሲደርስ በኪሱ የነበረው 50 ሳንቲም ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህ ልጅ ብዙ ቀን ሳይታጠብ፣ ልብስ ሳይለውጥ በዋና መምህርቷ በወይዘሪት ሜሪ ማኪ ፊት ቀረበ። ቢመለከቱት መንገደኛ ቦዘኔ እንጂ ተማሪ አይመስልም። አልተቀበሉትም፤ ሂድም አላሉትም። ሌሎች እየተመዘገቡ ሲገቡ እርሱ እያየ ሰዓታት አለፉ። በኋላ ወይዘሪት ማኪ በአቅራቢያው ያለውን የመማሪያ ክፍል እንዲጠርግ አዘዙት። ቡከር ያን ክፍል ሦስት ጊዜ ጠረገው፤ አራት ጊዜ ወለወለው። አግዳሚውን፣ ጠረጴዛውን፣ የግድግዳውን እንጨት፣ ጥጋጥጉን ሁሉ አዳረሰ። መምህርቷ መጥተው ወለሉን አዩ፤ መሐረባቸውን አውጥተው እንጨቱን በሙሉ አሹበት፤ አንዲት የአቧራ ምልክት አላገኙም። የመግቢያ ፈተናው ይህ ነበር፤ አለፈ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ልጁ በአንድ ቀን ትጋት እንደ ገባ አድርገው ይተርኩታል። እኔ ግን አልስማማም። ያ ክፍል የተጠረገው በወይዘሮ ሩፍነር ግቢ ነው። ደግሞም በዚያ ቀን ሌላ ልጅ፣ ጎበዝም አንባቢም ቢሆን፣ መጥረጊያ ባይሰጠው ኖሮ ከደጅ ይመለስ ነበር። ፈተና ሁሉ ያገኘውን ብቻ ነው የሚለካው፤ ቡከር ለመጥረጊያው የተዘጋጀው ሳያውቅ ነው።

መግባት አንድ ነገር ነው፤ መክፈል ሌላ። ቀለብና ማደሪያ በወር 10 ዶላር ነበር፤ ከፊሉ በገንዘብ፣ ከፊሉ በሥራ የሚከፈል። ወይዘሪት ማኪ የሕንፃውን ጽዳትና እሳት የማንደድ ሥራ ሰጡት። ብዙ ክፍል ነበርና ሌሊት እስኪመሽ ይሠራል፤ እሳት ለማቀጣጠልና ትምህርቱን ለማጥናት ደግሞ ከንጋቱ 10 ሰዓት ይነሣል። የትምህርቱ ክፍያ ግን በዓመት 70 ዶላር ነው፤ ይህ በመጥረጊያ የሚገኝ አይደለም። የትምህርት ቤቱ መሥራችና ኃላፊ ጀኔራል ሳሙኤል አርምስትሮንግ በማሳቹሴትስ የሚኖሩ ግሪፊትስ ሞርጋን የተባሉ ሰው ፈልገው አገኙለትና እኒህ ሰው እስከ መጨረሻው ከፈሉለት። ቡከር በኋላ ትልቅ ሰው ሆኖ ደጋግሞ እየሄደ ጠይቋቸዋል።

ማደሪያውስ? በአንድ ክፍል ከእርሱ ጋር ሌሎች ሰባት ልጆች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ቀደም ብለው የገቡ ናቸው። በአልጋው ላይ ሁለት አንሶላ አገኘ። በሁለት አንሶላ መተኛት ለእርሱ አዲስ ነገር ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ከሁለቱም ሥር ገብቶ ተኛ፤ በሁለተኛው ሌሊት ከሁለቱም በላይ ተኛ። በኋላ ሌሎቹን አይቶ በመካከላቸው መተኛትን ተማረ። አላውቅም ብሎ አልጠየቀም። ዶርም ገብተን በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉን እንደምናውቅ ሆነን የተቀመጥን ሁላችን ይህ ነገር ይገባናል። የገላ መታጠቢያና የጥርስ ብሩሽም እዚያው ነው የተዋወቃቸው። ካልሲው አንድ ብቻ ስለ ነበረ ማታ አጥቦ እሳት ዳር እያደረቀ ጠዋት ይለብሰው ነበር።

ተማሪው በዝቶ ቤት በጠበበ ጊዜ ጀኔራል አርምስትሮንግ ድንኳን አስተከሉ፤ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ክረምቱን በድንኳን ቢያድሩ ደስ እንደሚላቸው ተሰማ። ተማሪው ሁሉ ለማለት ይቻላል ፈቃደኛ ሆነ፤ ቡከርም አንዱ ነበር። በረዶ የሚወርድበት ክረምት ነው። አንዳንድ ሌሊት ነፋሱ ድንኳኑን ነቅሎ ይወስደውና ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ ይቀሩ ነበር። ማለዳ ማለዳ ጀኔራሉ እየመጡ ያነጋግሯቸዋል። በዚያ ድንኳን ያደሩት ስለ ምን እንደ ሆነ ሳስብ፣ ለአዲስ ገቢ ተማሪ ቦታ እንዲገኝ መሆኑ ከሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል።

አንደኛው ዓመት ሲያልቅ 16 ዶላር ዕዳ ነበረበት። በዕረፍቱ ወራት በአንድ ምግብ ቤት እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ሥር አዲስ 10 ዶላር አገኘ። ቤቱ የባለቤቱ ነውና ለእርሱ አሳየው፤ ሰውየውም ደስ ብሎት ለራሱ ወሰደው። ቡከር አንጀቱ ማረሩን አልደበቀም። (እኔም ብሆን ያርረኝ ነበር።) ከዚያም ወደ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ወደ ጀኔራል ማርሻል ሄዶ ያለበትን ነገር ሳይሸሽግ ነገራቸው። እርሳቸውም አምነውት ገብቶ እንዲማር፣ ዕዳውንም በቻለ ጊዜ እንዲከፍል ፈቀዱለት።

ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ለዕረፍት ወደ ማልደን ተመለሰ። ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ደክሞት በአንድ ባዶ ቤት ተኛ። ከንጋቱ 9 ሰዓት ገደማ ወንድሙ ጆን ፈልጎ አገኘውና እናታቸው በዚያች ሌሊት ማረፍዋን ነገረው። ጄን ልጅዋ ትምህርቱን ሲፈጽም አላየችም። በዚያው የኀዘን ወራት ከወይዘሪት ማኪ ደብዳቤ መጣለት፤ ትምህርት ከመከፈቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ መጥቶ ሕንፃውን በማጽዳት እንዲያግዛቸው የሚጠይቅ ነበር። ሄዶም አብረው ሠሩ። ከታወቀ ቤተ ሰብ የተወለዱትና የተማሩት ወይዘሪት ማኪ ከእርሱ ጋር መስኮት ይወለውሉ፣ አልጋ ያዘጋጁ ነበር። በፈተናው ቀን መሐረብ ይዘው የቆሙት እጅ መሥራትም የሚያውቅ እጅ ነበር።

በ1875 ተመረቀ። ወደ ማልደን ተመልሶ አስተማሪ ሆነ፤ ከደመወዙም እየቆጠበ ጆንን ከከሰል ጉድጓድ አውጥቶ ወደ ሐምፕተን ላከው፤ ቀጥሎም ሁለቱ ተባብረው በማደጎ ያደገውን ወንድማቸውን ጄምስን ላኩ። የሚከፈለው ዕዳ የሞርጋን ብቻ አልነበረም።

በ1878 በዋሽንግተን ከተማ ዌይላንድ በሚባል መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ጥቂት ወራት ተማረ። የዚያ ተማሪዎች አብዛኞቹ ወጪያቸው ሁሉ በሌላ ሰው የሚሸፈን ነበሩና ከሐምፕተኖቹ ይልቅ በራሳቸው የማይተማመኑ፣ ለታይታ የሚጨነቁ ሆነው ታዩት። በዚህ ላይ ትንሽ የጠነከረ ይመስለኛል፤ ከንጋቱ 10 ሰዓት እሳት እያነደደ መማር ያልቻለ ሰው ሁሉ ሰነፍ አይደለም። እንዲሁም በ1895 በአትላንታ ስላደረገው ንግግርና ዱቦይስ ስለ ነቀፈው ብዙ ተጽፏል። የድምፅ መብትን ነገር በሚመለከት እኔ ከዱቦይስ ጋር ነኝ፤ ነገር ግን ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ሐምፕተን ተመልሶ ካስተማረ በኋላ፣ በ1881 በአላባማ ታስኪጊ በምትባል ከተማ ለጥቁሮች የመምህራን ትምህርት ቤት እንዲያቋቁም ጀኔራል አርምስትሮንግ ላኩት። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የፈቀደው 2,000 ዶላር ለደመወዝ ብቻ ነበር፤ ቦታም ቤትም የለም። ሐምሌ 4 ቀን በቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረች ጎጆ 30 ተማሪዎች ይዞ ጀመረ። ጣራው ስለሚያፈስ ዝናብ ሲመጣ አንዱ ተማሪ ትምህርቱን ትቶ በመምህሩ ራስ ላይ ጃንጥላ ይዞ ይቆም ነበር። ጡቡን ተማሪዎቹ ራሳቸው ሠሩ፤ ሦስት ጊዜ ምድጃው ተበላሸባቸው። ለአራተኛው ቡከር የኪስ ሰዓቱን በ15 ዶላር አስይዞ ሞከረ፤ ተሳካ። ሰዓቱን ግን መልሶ አላወጣውም። በ1884 የማታ ትምህርት ከፈተ፤ የሚከፍሉት የሌላቸው ልጆች ቀን 10 ሰዓት ሠርተው ማታ ሁለት ሰዓት ይማሩ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1915 እስኪያርፍ ድረስ ይህንኑ ቤት መራ፤ የተቀበረውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

የታስኪጊ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማደሪያ ከድንኳኑ ብዙ የተሻለ አልነበረም። ፍራሹ የጥድ ቅጠል የተሞላ ጆንያ ነው። ብርድ በበረታ ሌሊት ቡከር መተኛት እያቃተው ተነሥቶ ተማሪዎቹ ወዳሉባቸው ጎጆዎች ይሄድ ነበር፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው እሳት ከብበው ያገኛቸዋል። ከገጠር እርሻ የመጡ ስለ ነበሩ በአንሶላ እንዴት እንደሚተኛም ማስተማር ነበረበት። ችግሩ ግን ትምህርት ቤቱ ለእያንዳንዱ መስጠት የሚችለው አንድ አንሶላ ብቻ መሆኑ ነበር፤ በአንድ አንሶላ ደግሞ በሁለት አንሶላ መካከል መተኛትን ማስተማር አይቻልም።