መስማት የተሳናቸው መምህርና የጨረቃው ፊልም



ባለፈው ሳምንት በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የጠፈር ጦርነት የሚያሳይ ፊልም አይተን ስንመለስ፣ መንኮራኩሯ ሕዋ ላይ ስትፈነዳ የተሰማው ፍንዳታ እውነት ነው አይደለም ተባባልን። ግማሾቻችን ፊልም ፊልም ነው፣ ምን ያከራክራል አልን። ግማሾቻችን ደግሞ አየር በሌለበት ድምፅ በምን ተጉዞ ይሰማል ብለን ሞገትን። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ዘለቀ። በመጨረሻ ግን አንድ ጥያቄ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ነገ ተመርቀን ስንወጣ፣ አንድ ተማሪ ይህንኑ ፊልም አይቶ መጥቶ ቢጠይቀን ምን ልንመልስለት ነው?

መልስ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ያገኘነው የአንድ አስተማሪ ሕይወት ነው። እኚህ ሰው የጠፈር ጉዞን በስሌት ካስቀመጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ናቸው። በሽምግልናቸው ደግሞ የጠፈር ፊልም በእውነት ላይ ቆሞ እንዲሠራ ደክመዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በ1857 ዓ.ም. በሩሲያ፣ በሪያዛን ግዛት፣ ኢዜቭስኮዬ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው የደን ሠራተኛ ነበሩ፤ ኑሯቸውም ከእጅ ወደ አፍ ነበር። በ10 ዓመታቸው ገደማ ጽኑ ትኩሳት ያዛቸው። ሕይወታቸው ቢተርፍም ጆሯቸው ተጎዳ። ከዚያ በኋላ አስተማሪ የሚለውን መስማት አቃታቸውና ትምህርት ቤት መሄዱ ቀረ። በ13 ዓመታቸው ደግሞ እናታቸው ሞቱባቸው።

አባታቸው ግን ተስፋ አልቆረጡም። ልጃቸውን በ16 ዓመታቸው ወደ ሞስኮ ላኳቸው። በሞስኮ ትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ነበር። ከቤት የምትላክላቸውን ጥቂት ሩብል ለመጽሐፍና ለሙከራ ዕቃ እያዋሉ፣ በጥቁር ዳቦና በውኃ ሦስት ዓመት ኖሩ። ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ የከዋክብትን ትምህርት ያለ አስተማሪ ተማሩ። እኛ ምግብ ቤት ወጡ ቀጠነ ብለን የምናጉረመርም ሠልጣኞች ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን።

በ1879 የመምህርነት ፈተና በግላቸው ወስደው አለፉ። በቀጣዩ ዓመት ቦሮቭስክ በምትባል ትንሽ ከተማ ሒሳብ እንዲያስተምሩ ተመደቡ። በ1892 ወደ ካሉጋ ተዛወሩ። በጠቅላላው 40 ዓመት ያህል አስተምረዋል። ታዲያ የማይሰማ ሰው እንዴት ያስተምራል? ድምፅ የሚያጎላ የጆሮ ቀንድ በገዛ እጃቸው ሠርተው ጆሯቸው ላይ ያስጠጉ ነበር። ደግሞም ከማስቀጸል ይልቅ ማሳየት ይወዱ ነበር፤ ከወረቀት ፊኛ ሠርተው በሙቅ አየር ያንሳፍፉ ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበራቸው። የፈረንሳዊውን የዡል ቬርንን መጻሕፍት አንብበዋል። ቬርን በ1865 ባሳተሙት መጽሐፍ ሰዎች በመድፍ ተተኩሰው ወደ ጨረቃ ይላካሉ። ታሪኩ ልብ ይሰቅላል፤ ስሌቱ ግን አያስኬድም። እስቲ እኛም በክፍል በተማርነው ቀመር እንሞክረው። መድፉ 274 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል። በዚያች አጭር ርቀት ከቆመበት ተነሥቶ እዚህ ፍጥነት ላይ ለመድረስ፣ የመሬት ስበትን ከ22,000 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ግፊት ያስፈልጋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለዚያች ቅጽበት ከ1,300 ቶን በላይ የተጫነው ያህል ይሆናል። ጨረቃ ሊደርስ ቀርቶ ከአፈሙዙም በሕይወት አይወጣ! እንዲያም ሆኖ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስ በ1902 የጨረቃ ጉዞን በፊልም ሲሠሩ መድፉን እንዳለ ወሰዱት። ተጓዦቹም ጨረቃ ላይ በተራ ልብሳቸው፣ ጃንጥላ ይዘው ወረዱ።

መምህሩ መፍትሔው ሮኬት ነው አሉ። ፊኛ ነፍታችሁ አፉን ሳታስሩ ብትለቁት አየሩ ወደ ኋላ ሲወጣ ፊኛው ወደ ፊት ይሮጣል። ሮኬትም እንደዚሁ ነው። የሚገፋው የራሱን ጋዝ ስለሆነ፣ አየር በሌለበትም ይሄዳል። ፍጥነቱንም እንደ መድፍ በአንዴ ሳይሆን እየጨመረ ስለሚሄድ ሰው ሊችለው ይችላል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው መሆኑ ነው። በ1903 ባሳተሙት ጽሑፍ የሮኬት የመጨረሻ ፍጥነት በሁለት ነገር እንደሚወሰን በቀመር አሳዩ፤ ጋዙ በሚወጣበት ፍጥነትና፣ ነዳጅ የሞላው ሮኬት ከባዶው ስንት እጥፍ እንደሚመዝን። ያ ቀመር ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

ምን ያደርጋል! በጊዜው ልብ ብሎ ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። ከዚያ በፊት በ1902 ኢግናቲ የተባለው ልጃቸው ራሱን አጥፍቶ ነበር። በ1908 ደግሞ የኦካ ወንዝ ሞልቶ ቤታቸው ገባና የዓመታት ጽሑፋቸውን አበላሸው። እሳቸው ግን ጠዋት ክፍል መግባታቸውን፣ ማታ ማስላታቸውን አልተዉም።

ወደ ፊልሙ እንምጣ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቫሲሊ ዡራቭሊዮቭ የተባሉ የፊልም ዳይሬክተር «የሕዋ ጉዞ» የሚል ፊልም ለመሥራት ተነሡና የሽማግሌውን ምክር ጠየቁ። ጺዮልኮቭስኪ ያን ጊዜ ከ75 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሥራው ለልጆች የሚታይ ጨዋታ ነው ብለው አላቃለሉትም። ሥዕል በሥዕል የሆነ ደብተር አዘጋጅተው፣ በጠፈር ውስጥ ሰው ምን እንደሚሆን አንድ በአንድ አሳዩ።

ፊልሙ ውስጥ ሮኬቱ ሲነሣ ተጓዦቹ ፈሳሽ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ይጠልቃሉ፤ ግፊቱ እንዳይጎዳቸው ነው። መምህሩ ይህን ሐሳብ ያስረዱ የነበረው በዕንቁላል ነው። ዕንቁላል ጨው ባለው ውኃ ውስጥ ከተንሳፈፈ፣ ብርጭቆው ጠረጴዛ ላይ ሲመታ አይሰበርም። ከዚያም ሞተሩ ሲጠፋ ተጓዦቹ ክብደት አጥተው ክፍሉ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ቬርን ክብደት የሚጠፋው በመሬትና በጨረቃ መካከል በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ነው ብለው ጽፈው ነበር። ጺዮልኮቭስኪ ግን ሞተሩ ከጠፋ ጀምሮ መንኮራኩሩና ሰውየው በአንድ ላይ ስለሚወድቁ፣ መንገዱን ሁሉ ክብደት እንደማይሰማ ያውቁ ነበር። ጨረቃ ላይ ደግሞ ሰዎቹ ረጅም ዝላይ ይዘላሉ፤ የጨረቃ ስበት የመሬትን አንድ ስድስተኛ ያህል ነውና። ይህን ለማሳየት ትናንሽ አሻንጉሊቶች ሠርተው፣ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ፣ ምስል በምስል አነሷቸው። ፊልሙ ድምፅ አልባ በመሆኑ እኛ የተከራከርንበት ፍንዳታ እዚያ የለም። አማካሪውም መስማት የተሳናቸው ነበሩ።

ሁሉም ነገር ግን እንዳሰቡት አልሆነም። በፊልሙ ሮኬቱ የሚነሣው በረጅም ዘንበል ባለ ሐዲድ ላይ ተንደርድሮ ነው፤ የዛሬ ታላላቅ ሮኬቶች ቀጥ ብለው ነው የሚነሡት። ጠፈርተኞችም በፈሳሽ ገንዳ ፈንታ፣ በሰውነታቸው ልክ በተሠራ መቀመጫ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ይነሣሉ። የቀረው ግን አብዛኛው በዓይን ታየ። ዩሪ ጋጋሪን በ1961 ወደ ሕዋ ወጣ። አሌክሲ ሊዮኖቭ በ1965 ከመንኮራኩር ወጥቶ ሲንሳፈፍ ያለፈው፣ ሽማግሌው በደብተራቸው እንደሣሉት፣ አየር እንዳያመልጥ በሚያደርግ ባለ ሁለት በር ክፍል ነው። በ1969 አሜሪካውያን ጨረቃን ሲረግጡ ዝላዩን ዓለም በቴሌቪዥን አየው።

ጺዮልኮቭስኪ ይህን አንዱንም አላዩም። የደከሙለት ፊልም እንኳ ለሕዝብ የታየው በጥር 1936 ነው፤ እሳቸው በመስከረም 1935 በካሉጋ አርፈው ነበር። በ1959 ከመሬት የማይታየው የጨረቃ ጀርባ ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ እዚያ ከታዩት ትላልቅ ጉድጓዶች አንዱ በስማቸው ተጠራ።

እንግዲህ ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። ያ ሁሉ ውሸት ነው ብለን ብናባርረው ፍላጎቱን እንገድላለን። ፊልም ነው፣ ዝም ብለህ እይ ብንለው ደግሞ ስሕተቱን ይዞት ያድጋል። ስለ ፍንዳታው እንዲህ እንበለው፦ ድምፅ የሚጓዝበት ነገር ይሻል፤ ሕዋ ላይ አየር ስለሌለ ብልጭታው ይታያል እንጂ ጩኸቱ አይደርስም። ስለ መንሳፈፉ ከጠየቀን ግን ቆርቆሮ እናንሣ። የባዶ ቆርቆሮ ታች በምስማር እንብሳና ውኃ እንሙላው። በእጃችን ስንይዘው ውኃው በቀዳዳው ይፈስሳል። ከወንበር ላይ ቆመን ስንለቀው፣ እየወደቀ ሳለ መፍሰሱ ይቆማል። ቆርቆሮውና ውኃው እኩል ስለሚወድቁ ውኃው ታቹን አይጫነውም። የጠፈርተኛውም ነገር ይኸው ነው። ለዚህ ላቦራቶሪም ብዙ ገንዘብም አያስፈልግም።

እኛ ባለፈው ቅዳሜ ከመኝታ ቤቱ በስተጀርባ ሞክረነዋል። ጫማችን ቢረጥብም ክርክሩ አልቋል። ያላመነ ቆርቆሮውን ከእኛ መውሰድ ይችላል።