ጆርጅ ባርተን፤ ከበሽተኛ አልጋ የተነሣው አርክቴክት

ማርች 15 ቀን 1917 በኒውዮርክ ግዛት፣ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ ስድስት ሰዎች በአንድ መኖሪያ ቤት ተሰብስበው ለሦስት ቀናት መከሩ። ከስድስቱ መካከል ሐኪም የነበረው አንድ ብቻ ነው። ሦስቱ ሴቶች አንዷ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ አንዷ የእጅ ሥራ መምህርት፣ አንዷም ጸሐፊ ነበሩ። የቀሩት ሁለቱ አርክቴክቶች ናቸው። ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለው፣ በሽተኛን በሥራና በዕለት ተዕለት ተግባር አማካይነት የማከም ሙያ፣ በአሜሪካ የራሱን ማኅበር ያገኘው በዚህ ስብሰባ ነው። የሕንፃ ባለሙያ በዚህ ጉዳይ ምን አገባው ቢባል፣ መልሱ የሚገኘው በቤቱ ባለቤት በጆርጅ ኤድዋርድ ባርተን ሕይወት ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባርተን በ1871 በቦስተን አጠገብ በምትገኘው በብሩክላይን ተወለደ። የአርክቴክትነት ሙያ ከተማረ በኋላ ወደ ለንደን ተሻግሮ፣ የዊልያም ሞሪስን ፈለግ ከሚከተሉና ፋብሪካ የእጅን ጥበብ ከሰው ነጠቀ ብለው ከሚያምኑ ሰዎች ጋር ተዋወቀ። ወደ አገሩ ተመልሶም በ1897 የቦስተን የኪነ ጥበብና የእጅ ሥራ ማኅበር ሲቋቋም በጸሐፊነት አገለገለ። ሰው ዕቃውን ሲሠራ ሥራውም መልሶ ሰውየውን ይሠራዋል የሚለውን እምነት የቀሰመው ከዚህ ነው። በዚያን ጊዜ እምነቱ ስለ ወንበርና ስለ ጠረጴዛ እንጂ ስለ በሽታ አልነበረም።

በ1901 የሳምባ ነቀርሳ ያዘው። ሕመሙ እያገረሸ ስላስቸገረው፣ በዘመኑ ልማድ ደረቅ አየር ፍለጋ ወደ ኮሎራዶ ሄደ። በ1912 በድርቅ የተጎዱ ገበሬዎችን ሁኔታ እንዲያጠና ተልኮ በገጠር ሲዘዋወር ግራ እግሩን ብርድ መታው። ሥጋው በመሞቱ ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ መላው ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ ሐኪሞቹ ይህን ሽባነት ከአእምሮ ጭንቀት የመጣ ነው አሉት። ያን ጊዜ 41 ዓመቱ ነበር።

ለሕክምና ወደ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በመጣ ጊዜ፣ ተኝቶ የሚውል ሰው ብቻ የሚያየውን ነገር አየ። ሆስፒታሉ የራሱን ድርሻ በሚገባ ይፈጽማል፤ ቁስሉ ይድናል፣ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ መዝገቡ ይዘጋል። ከበር የሚወጣው ሰው ግን ለወራት እጁን አጣጥፎ የተኛ፣ ሥራውን ያጣ፣ ልብሱን እንኳ በሌላ ሰው እጅ የሚለብስ ነው። መሐንዲስ ይህን ቢመለከት፣ መሠረቱና ግድግዳው ቆሞ በርና ደረጃ ሳይገባለት ርክክብ የተፈጸመበትን ሕንፃ ያስታውሰዋል።

የቦስተን ቄስ የነበሩት ኤልውድ ዎርስተር ባርተንን አጽናንተው ወደ ሥራ ገፋፉት። እሱም በከተማይቱ ቤት ገዝቶ በውስጡ ወርክሾፕ አደራጀ፤ የአትክልት ቦታም አዘጋጀ። በመጋዝና በመቆፈሪያ እየታገለ የግራ እጁንና እግሩን ኃይል መለሰ። በማርች 1914 ቤቱን የመጽናኛ ቤት ብሎ ሰይሞ ለሌሎች በሽተኞች ከፈተው። የሚመጡት ሰዎች የቀድሞ ሥራቸው ምን እንደ ነበር፣ የትኛው አካላቸው እንደ ደከመ፣ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልጋቸው እየመረመረ፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማ ሥራ ይመርጥ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በቦስተን በተደረገ የሆስፒታል ሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሐሳቡን አቀረበ። ከሥራ የሚመጣ በሽታ መኖሩን ሐኪሞች ያምናሉና፣ ከሥራ የሚመጣ ፈውስ ለምን አይኖርም የሚል ነበር ክርክሩ። ምስስሉን ከልክ በላይ እንደ ገፋበትም መናገር ይገባል። እያንዳንዱ ሥራ እንደ መድኃኒት መጠን ሊታዘዝ ይችላል እስከ ማለት ደርሶ ነበር፤ ይህ አልሰመረም። ይሁን እንጂ ሥራን ወደ ንዑሳን እንቅስቃሴዎች ከፋፍሎ የመመርመር ዘዴው ጠንካራ ነበር። በፋብሪካ ሥራ ጥናት የታወቀው ፍራንክ ጊልብሬት ከባለቤቱ ከሊሊያን ጋር በ1920 ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን የእንቅስቃሴ ጥናት መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ሁለቱ መንገዶች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ታየ።

በ1917ቱ ስብሰባ የተገኘው ሐኪም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያው ዊልያም ደንተን ነው። ሁለተኛው አርክቴክት ከካናዳ የመጣው ቶማስ ኪድነር፣ ሴቶቹም ኤሊነር ስሌግል፣ ሱዛን ጆንሰንና ኢዛቤል ኒውተን ናቸው። በማሳቹሴትስ በሽተኞችን በሥራ በማከም ቀድሞ የታወቀው ዶክተር ኸርበርት ሆል ሳይጋበዝ ቀረ፤ ይህ የሚያስመሰግን አይደለም። ባርተን የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ፤ ስድስቱም በቤቱ ደረጃ ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ። ዓመት ሳይሞላ ግን ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ወደ ማኅበሩ ስብሰባም አልሄደም። ጠባዩ በራሱ ቤት የራሱን ሐሳብ እንደ ፈቀደው ለመምራት እንጂ ለኮሚቴ የሚመች አልነበረም።

ከስብሰባው ሦስት ሳምንት በኋላ አሜሪካ በጦርነቱ ገባች፤ ለቁስለኞች የሠለጠኑ ሴቶችም ሙያውን ወደ ጦር ሆስፒታሎች ወሰዱት። ባርተን በ1918 ኢዛቤልን አገባ፤ በ1919 ሕሙማንን ስለ ማስተማር የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1923 በ52 ዓመቱ አረፈ።

ከእሱ ቤት ወደ ትልቁ ሆስፒታል የገባው ሙያ መልኩን ለውጧል። ዛሬ በብሪታንያ፣ ድንገተኛና ከባድ ሕመም በሚታከምባቸው ሆስፒታሎች የሚቀጠር ጀማሪ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ በዙር ይመደባል። ጥቂት ወራት በአጥንት ሕክምና ክፍል፣ ጥቂት ወራት በስትሮክ ክፍል፣ ከዚያም በአረጋውያን ክፍል ይሠራል። ባርተን ከበሽተኛው ጋር ለመቆየት ጊዜ ነበረው፤ ለዚህ ባለሙያ ግን፣ አልጋው ለሌላ ሰው ስለሚፈለግ፣ የሚሰጠው ጥቂት ቀን ነው። የዳሌ አጥንታቸው የተጠገነላቸው አንዲት አረጋዊት ከአልጋ ሲነሡ፣ ሲታጠቡ፣ ሲለብሱ አጠገባቸው ቆሞ ይመለከታል፤ በመለማመጃው ኩሽና ሻይ እንዲያፈሉ ያደርጋል። ቤታቸው ስንት ደረጃ እንዳለው፣ መጸዳጃው ፎቅ ላይ ወይም ምድር ቤት መሆኑን፣ የወንበራቸውም ከፍታ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ጠይቆ ይመዘግባል። ከፍ ያለ የመጸዳጃ መቀመጫ ወይም በግድግዳ ላይ የሚተከል የእጅ መደገፊያ የሚታዘዘው በዚህ መዝገብ መሠረት ነው። አንዱ ልክ ቢሳት ሴትዮዋ ወድቀው ወደዚያው አልጋ ሊመለሱ ይችላሉ።

የዙሩ ጊዜ ሲያበቃ ባለሙያው ወደ ሌላ ክፍል ያልፋል። አረጋዊቷ በቤታቸው ደረጃ ላይ ምን እንደ ገጠማቸው ብዙውን ጊዜ አይሰማም።